ቃለ ጉባኤ ላይ የማይሰፍር ንግግር

ውድ ጠያቂዬ፣

ባለፈው ዓመት በጂኦግራፊ ተመርቀሽ እስካሁን ሥራ እንዳልያዝሽ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን በመኖሪያችሁ አጠገብ የሚያልፈውን ወንዝ ከቆሻሻና ከግንባታ ለመከላከል ከተሰባሰቡ ነዋሪዎች ጋር በበጎ ፈቃድ ስትሠሪ እንደቆየሽ ጽፈሻል። አባትሽ ይህን «ውሃ መውቀጥ» ይሉታል፤ አጎትሽ ባፈላለጉልሽ የመድን ድርጅት የካሳ ክፍል እንድትቀጠሪም ይገፋፉሻል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያስጨነቀሽ አንድ ቀን ነው። የክልሉ የአየር ንብረት ዕቅድ ረቂቅ በቀረበበት የምክክር ስብሰባ ላይ ስለ ወንዙ መናገር ስትጀምሪ፣ አንድ ባለሙያ «ይህ በሞዴል የተሰላ ነው» ብለው አቋረጡሽ፤ አንቺም ተቀመጥሽ፤ ከዚያ ወዲህ «ለዚህ ሥራ ዕውቀቱ የለኝም» የሚል ሐሳብ አልለቅ ብሎሻል። ሌሎቹን ጥያቄዎችሽን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ በዚህኛው ላይ ግን እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩት እንዲህ ዓይነት ስብሰባ በሚያዘጋጅ የፕላን መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው።

በዚያ መሥሪያ ቤት ሥራዬ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን ከመለካት ተነሥቶ፣ በኋላ ከሕዝብ የሚመጡ አስተያየቶችን ሰብስቦ ለዕቅድ አዘጋጆቹ ወደ ማቅረብ ተሻገረ። ስለዚህ በአዳራሽ የተነገረ ነገር መጨረሻው ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሰው ተነሥቶ ከልቡ ይናገራል፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ «ነዋሪዎች በወንዙ ሁኔታ ላይ ያላቸውን ስጋት ገልጸዋል» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል፤ መስመሯ ከሪፖርቱ አባሪ ውስጥ ትገባለች፤ ዕቅዱን የሚያርመው ባለሙያም አባሪውን አያነበውም። ይህ የሚሆነው በክፋት አይደለም፤ «ስጋት» ተብሎ የተጻፈን ነገር በካርታ ላይ ማስቀመጥ፣ መለካት ወይም በገንዘብ መተመን ስለማይቻል ነው። በአንጻሩ «በረቂቁ ገጽ 41 ያለው ካርታ ይህን ቦታ ከጎርፍ ነፃ አድርጎ ያሳያል፤ በዚህ ቦታ ግን በእነዚህ ቀናት ውሃው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ፎቶግራፎቹ ተያይዘዋል» የሚል አንድ ገጽ ማመልከቻ ሲገባ ተራ ቁጥር ይሰጠው ነበር። ቁጥር የተሰጠው ነገር መልስ ይጠይቃል፤ መልሱን የሚጽፈው ሰው ደግሞ ወይ ካርታውን ያርማል፣ ወይ ለምን እንዳላረመ በፊርማው ያስረዳል።

በአንድ ወቅት የአንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ፣ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ውሃው የደረሰበትን ከፍታ በግድግዳው ላይ በቀለም እያሰመረ ከጎኑ ቀኑን ይጽፍ ነበር። በእኛ ካርታ ላይ ያ ቦታ ደረቅ ነበር። በትምህርት ቤቱ የምታስተምር አንዲት ወጣት መስመሮቹን ለክታ፣ ፎቶግራፍ አንሥታ በሁለት ገጽ ማመልከቻ አስገባች፤ ወጥተን ስናይ ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው የመንገድ ሥር ቱቦ ከዓመታት በፊት በአፈር ተደፍኖ፣ በመረጃ ቋታችን ግን እንደሚሠራ ተመዝግቦ አገኘነው። የቦዩ መስመር ተቀየረ። ጥበቃውም መምህሯም በአንድ ስብሰባ ላይ እንኳ ተናግረው አያውቁም።

አሁን ወደ አቋረጡሽ ባለሙያ ልመለስ። ሰውየው አልዋሹሽም፤ የተናገሩት ግን ግማሹን ነው። የዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ሞዴሎች፣ ማለትም የአየር ንብረትን ሁኔታ የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ ምድርን በካሬ ከፋፍለው ያሰላሉ፤ የአንዱ ካሬ ጎን በአብዛኛው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ለክልል ዕቅድ ተጣርቶ ሲዘጋጅም ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ሞዴሉ ትልቁን ነገር በሚገባ ያውቃል፦ አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ስለሚችል፣ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ይበልጥ ይበረታል። ያ ዝናብ አንቺ ከምታውቂው ድልድይ ሥር ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ግን ሞዴሉ አያውቅም። የጎርፉን ጉዞ በየመንገዱ የሚያሰላ ሌላ ሞዴል ቢኖር እንኳ፣ የሚሠራው በተሰጠው የመሬት ከፍታና የቦይ መረጃ ልክ ነው፤ የተደፈነ ቱቦ ክፍት ነው ተብሎ ከተነገረው ክፍት አድርጎ ያሰላዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል አደጋን የሚተነትነው በሦስት ነገሮች መገናኘት ነው፤ አንደኛው ራሱ ክስተቱ፣ ሁለተኛው በመንገዱ ላይ የሚገኘው ሰውና ንብረት፣ ሦስተኛው ደግሞ ያ ሰው ጉዳቱን ለመቋቋም ያለው አቅም ነው። ሞዴሉ በዋናነት የሚነግርሽ ስለ መጀመሪያው ነው። በወንዙ ዳር ስንት ቤት በሌሊት እንደሚጥለቀለቅ፣ ከእነዚህ ውስጥ ራሳቸውን ችለው መውጣት የማይችሉ አዛውንት በስንቱ እንደሚኖሩ የምታውቁት ግን አንቺና ጓደኞችሽ ናችሁ። እንግዲህ ከሦስቱ ሁለቱን የያዘ ሰው ዕውቀት የለኝም ሊል አይገባውም።

ይህ ለማጽናኛ የተባለ እንዳይመስልሽ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1995 ወንዞች ሞልተው ወደ 250,000 የሚጠጉ ሰዎች ከቤታቸው ከወጡ በኋላ፣ መንግሥት ግድቦችን ከማሳደግ ይልቅ ለወንዞቹ ቦታ የሚሰጥ ዕቅድ ነድፎ ከ30 በሚበልጡ ቦታዎች ሠራ፤ ዓላማውም የራይን ወንዝ በሴኮንድ 16,000 ሜትር ኩብ ውሃ ያለ አደጋ እንዲያሳልፍ ማድረግ ነበር። በዚህ ዕቅድ መሬታቸው ለጎርፍ ማስተንፈሻ የታሰበባቸው የኦቨርዲፕሰ ፖልደር (በግድብ የተከለለ ዝቅተኛ መሬት) ገበሬዎች ግን «አይሆንም» ብለው ብቻ አልቀሩም። ቤታቸውንና በረታቸውን በከፍተኛ የአፈር ጉብታዎች ላይ ለመሥራት፣ የቀረውን መሬት ደግሞ ውሃ በሚመጣበት ጊዜ ለውሃው ለመልቀቅ የራሳቸውን አማራጭ ዕቅድ አቀረቡ፤ መንግሥትም ተቀበለው። አንዳንዶቹ ካሳቸውን ይዘው ሄደዋል፤ ሁሉም የፈለገውን አላገኘም፤ ይሁን እንጂ የተገነባው የገበሬዎቹ ሐሳብ ነው።

መሳተፍሽም ከማንም የተቸረሽ ውለታ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1992ቱ የሪዮ መግለጫ 10ኛ መርህ የአካባቢ ጉዳዮች የሚመለከታቸው ዜጎች ሁሉ በሚሳተፉበት መንገድ ቢያዙ እንደሚሻል፣ መረጃም እንዲያገኙ ይደነግጋል፤ በ1998 የአውሮፓው የኦርሁስ ስምምነት፣ በ2018 ደግሞ የላቲን አሜሪካና የካሪቢያኑ የኤስካሱ ስምምነት ይህን በአባል አገሮቻቸው ላይ ግዴታ አድርገውታል። በአገርሽ ሕግ ረቂቅ ለስንት ቀን ለአስተያየት ክፍት እንደሚሆንና መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ፈልጊና አንብቢ። አንድ ቀን አይፈጅብሽም፤ ብዙ ተሟጋቾች ግን ይህን ሳያደርጉ ዓመታት ያሳልፋሉ።

በአንድ ነገር ግን ልገሥጽሽ። በስብሰባው ላይ የተናገርሽውን ቃል በቃል ጽፈሽልኛል፤ በውስጡ አንድም ቀን፣ አንድም ልኬት፣ አንድም የቦታ ስም የለበትም። የጎደለሽ የሞዴል ዕውቀት ሳይሆን የተደራጀ መዝገብ ነው፤ ይህ ደግሞ በወራት ውስጥ የሚሟላ ነው። የክልል ዕቅድን ከመጨረሻው ጀምሮ ማንበብ ተማሪ። ከፊት ያሉት ምዕራፎች ስለ ሙቀትና ስለ ዝናብ ያወራሉ፤ ከኋላ ያለው ሠንጠረዥ ግን ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደሚሠራ ይናገራል። ኃላፊ መሥሪያ ቤት፣ የጊዜ ገደብና የበጀት ርዕስ የሌለው ተግባር ምኞት ነው፤ ስለ ወንዛችሁ በዕቅዱ ውስጥ የሚያምር አንቀጽ ቢኖርና በሠንጠረዡ ውስጥ ባይኖር፣ ወንዛችሁ በዕቅዱ ውስጥ የለም ማለት ነው። ከዚህ ጋር በነፃ የሚገኘውን የካርታ ሶፍትዌር፣ ኪውጂአይኤስን፣ እስክትለምጂው ድረስ ሥሪበት፤ የጂኦግራፊ ምሩቅ ስለሆንሽ ከሌላው ሰው ፈጥነሽ ትይዥዋለሽ። በፕላን መሥሪያ ቤት ሥራ ስንቀጥር ስሜቱ ያለው ሰው አጥተን አናውቅም፤ ያጣነው ካርታና በጀት አገናኝቶ የሚያነብ ሰው ነበር።

ስለ ቤተሰብሽና ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር። አባትሽ በደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገው እየነገሩሽ ነው። አንደኛው የታናናሽ ወንድሞችሽ የትምህርት ወጪ ነው፤ ይህ እውነተኛ ችግር ስለሆነ ልትክጂው አይገባም። ሁለተኛው «ሰው ምን ይለናል፣ ተምራ ቆሻሻ ትለቅማለች» የሚለው ነው፤ ይህ ይሉኝታ ነው፤ በይሉኝታ የተመረጠ ሙያ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሚሠራበት ባለቤቱ እንጂ ሐሜተኛው አይደለም። ለአባትሽ በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳታጎነብሺ፣ የመጀመሪያውን እንደምትሸከሚ፣ ሁለተኛውን ግን እንደማትሸከሚ ንገሪያቸው። ለአንቺም የሚመርር ነገር አለኝ። ያለ ደመወዝ የምትሠሪው ሥራ ነፃ አይደለም፤ አባትሽ እየከፈሉበት ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለተኛ ዓመት መቀጠል ለወንዙም ለአንቺም አይበጅም፤ እኔ ያየኋቸው በጎ ፈቃደኞች በአብዛኛው የተውት በመረታታቸው ሳይሆን ኪሳቸው ባዶ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ የመድን ድርጅቱን ሥራ ያዥ። ይህን የምልሽ ሐሳብሽን እንድትተዪ አይደለም። የካሳ ክፍል ማለት ውሃ የት እንደገባ፣ መቼ እንደገባና ስንት እንዳጠፋ ማስረጃ እየተያያዘ የሚቀርብበት ቦታ ነው። የደንበኞችን ሰነድ ማውጣት ክልክል ነው፤ አታውጪም፤ ጉዳት እንዴት እንደሚመዘገብና እንዴት እንደሚተመን መማር ግን ማንም አይከለክልሽም፤ በአየር ንብረት ዕቅድ ዝግጅት ላይ ደግሞ ይህን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጪ፦ ቅዳሜና እሑድ የራስሽ መሆናቸውን፣ በውሉ ውስጥም በማኅበራዊ ሥራ መሳተፍን የሚከለክል አንቀጽ አለመኖሩን። ሁለት ዓመት ሥሪ፤ ከዚያ የፕላን ሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ የምታመለክቺው በዲግሪ ብቻ አይሆንም።

ተሟጋች ተብዬ ብታወቅ መሥሪያ ቤቶች ይገፉኛል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አንዳንዱ ሊገፋሽ ይችላል። ኬንያዊቷ ዶክተር ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ዛፍ የሚተክለውን የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ከመሠረቱ በኋላ፣ በ1982 ለፓርላማ ለመወዳደር የዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከውድድሩ ታገዱ፤ ሥራቸውም አልተመለሰላቸውም። የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት በ2004 ነው፤ በመካከሉ ያሉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ዋጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። በጽሑፍ፣ በማስረጃና በሰው ስም ላይ ሳትሄጂ የምትሟገቺ ከሆነ ግን ዋጋው በጣም ይቀንሳል፤ እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት በጣም የምናከብራቸው ሰዎች ስህተታችንን በቁጥር ያሳዩን ነበሩ።

ልጀምር ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝን ሁለተኛ ዲግሪ አሁን አትጀምሪ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን መማር እንዳለብሽ ራሱ ሥራው ይነግርሻል።

ረቂቁ ለአስተያየት ክፍት የሚሆነው አምስት ሳምንት ብቻ እንደቀረው ጽፈሻል። በመጀመሪያው ሳምንት ከጓደኞችሽ ጋር በወንዙ ዳር ቤት ለቤት እየዞራችሁ ውሃው የደረሰበትን ከፍታና ቀኑን ጠይቁ፤ ሁለት ሰው ያልመሰከረበትን አትመዝግቡ። በሁለተኛው በካርታ ላይ አስቀምጡት። በሦስተኛው ከረቂቁ ካርታ ጋር አስተያይታችሁ የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ብቻ፣ ከአራት ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ፣ የገጽ ቁጥር እየጠቀሳችሁ ጻፉ። በአራተኛው ያቋረጡሽን ባለሙያ በቢሯቸው ሄደሽ አነጋግሪና ከማስገባታችሁ በፊት እንዲያዩት ጠይቂያቸው፤ ብዙዎቹ ከአዳራሹ ውጭ ሌላ ሰው ናቸው። አምስተኛውን ሳምንት ለማስገቢያ ተዪው፤ በአካል አስገቢ፤ በቅጂሽም ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር ሳታስደርጊ ከመዝገብ ቤቱ አትውጪ።