መልስ፦ የክልል ጉዳይ ለመጨረስ ቦንጋ ነው ወይስ ተርጫ የምሄደው?

እንደጻፍከው ጉዳይህ የአስተዳደር ከሆነ ቦንጋ ነው የምትሄደው። ግራ ያጋባህ ነገር ደቡብ ምዕራብ ክልል እንደ ብዙዎቹ ክልሎች አንድ ዋና ከተማ ብቻ ስለሌለው ነው፣ በ2014 ሲመሰረት ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ተካፍለውታል፣ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ግን ቦንጋ ሆነ።

1. መጀመሪያ ወረዳህ ወይ ዞንህ ሄደህ ደብዳቤው የሚጻፍለት ቢሮ የትኛው ከተማ እንዳለ በስልክ አስጠይቅ። ስሙን ብቻ አይተህ አትነሳ።

2. ከአዲስ አበባ ጅማ ግባና እደር። መንገዱ የሚለያየው እዛ ነው፣ ቦንጋ በአንዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ ተርጫ ደግሞ በጭዳ በኩል በሌላው፣ ስለዚህ ከተሳሳትክ ቀኑ ሄደ በቃ።

3. ጠዋት በሚኒባስ ወደ ቦንጋ ውጣ። ከተማዋ ትንሽ ናት ግን ዳገት ቁልቁለት ስለሆነች ባጃጅ ያስፈልግሃል፣ ዝናቡም ክረምት በጋ ብዙ አይመርጥም ጃንጥላ ያዝ።

አንድ ነገር ልጠንቅቅህ፣ አርብ እንዳትደርስ። አርብ የመንግስት ቢሮ ከ5:30 እስከ 7:30 ምሳ ነው፣ ከዛ በኋላ ፈራሚው ስብሰባ ወይ ፊልድ ወጥቷል ይሉሃል፣ እኔ እንደዛ ሆኜ እስከ ሰኞ አልጋ ከፍያለሁ። ሰኞም ስብሰባ ይበዛል፣ ማክሰኞ ጠዋት ብትደርስ ጥሩ ነው። ዋናውን ወረቀት ከኮፒው ጋር ያዝ።

ካስቀሩህ ግን የቡና ሙዚየሙን እይ፣ የከፋ ቡናም ሳትጠጣ አትመለስ።