ሊዝበን ለሥራ ለምትሄጂው እህታችን፦ ቋንቋውን ከቱሉ ዲምቱ ጀምሪ

እህቴ፣ ሊዝበን ካለ ሆቴል የወጥ ቤት ሥራ ውል እንደ ደረሰሽና ቪዛሽም እንደ ተፈቀደ ጽፈሻል። ጥያቄሽም «እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፤ ፖርቱጋልኛውን እዚያ ስደርስ ብማረው አይሻልም ወይ? ሥራውንና ኑሮውንስ እንዴት ልልመደው? ምንስ ልያዝ?» የሚል ነው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሁለት ሰዎች እንግሊዝኛ ይበቃሻል ብለዋል። አልስማማም። እኔ ሊዝበን ውስጥ በምግብ ቤትና በሆቴል ወጥ ቤቶች ለዓመታት ሠርቼ ተመልሻለሁ፤ አሁን እንደ አንቺው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው።

እንግሊዝኛ ሊዝበን ውስጥ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ለእንግዳ ነው። መቀበያው ላይ የቆመው ልጅ፣ አስተናጋጁና ሥራ አስኪያጁ ጥሩ አድርገው ይናገሩታል። በሩን አልፈሽ ወደ ወጥ ቤቱ ስትገቢ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሚሠራው ሰው ከኬፕ ቨርድ፣ ከብራዚል፣ ከአንጎላ፣ ከኔፓል ወይም ከባንግላዴሽ የመጣ ነው፤ ሁሉም የሚግባባው በፖርቱጋልኛ ነው፣ የተሰባበረም ቢሆን። ምሳ ሰዓት ላይ ትእዛዝ ሲከመር ሼፉ ለአንድ ሰው ብሎ ቋንቋ አይቀይርም። የተባለውን በአንድ ጊዜ የማይሰማ ሰው ምድጃ አጠገብ ከቆመ ለራሱም ለሌላውም አደገኛ ነው። ስለዚህ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ይላካል፤ እጁ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሆን እዚያው ይከርማል። እንዲህ የቀሩ ጎበዝ ወጥ ሠሪዎች አይቻለሁ። ሽንኩርት በወጉ መክተፍ የማይችሉ፣ ግን ቶሎ የሚሰሙ ልጆች ደግሞ አልፈዋቸው ሄደዋል።

እንግዲህ አሁን ምን ትሠሪያለሽ? ጆሮሽን አስለምጂ። መናገሩ ይደርሳል። የሊዝበን ሰው ድምፅ ስለሚውጥ፣ በጽሑፍ የምታውቂውን ቃል እንኳ ሲናገሩት ላትለዪው ትችያለሽ። በስልክ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ማስተማሪያዎች፣ ዱኦሊንጎንም ጨምሮ፣ የሚያስተምሩት የብራዚሉን አነጋገር ነው፤ እርሱ ክፍት፣ ዘርዘር ያለና ለጆሮ ቀላል ነው። ለመነሻ አይከፋም፤ በእርሱ ብቻ ተማምነሽ ሄደሽ ሊዝበን ብትደርሺ ግን ሌላ ቋንቋ የሰማሽ ይመስልሻል። የፖርቱጋልን ሬዲዮ ስሚ፤ የአገሩ የሕዝብ ማሰራጫ የአርቲፒ (RTP) ዝግጅቶች በኢንተርኔት ይገኛሉ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርጂና ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ እስከ መስቀል አደባባይ እየሰማሽ ሂጂ። በአውቶቡስ ሰልፍና በመንገድ መዘጋጋት የምናጠፋው ጊዜ ለዚህ እንኳ ይጥቀመን። ባይገባሽም ስሚ።

በዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆንሽ ብዙ ሰው የማያገኘው ስንቅ ነው። የሊዝበን ሰው የሚውጠው ድምፅ የእኛ ሳድስ ነው። እንግሊዝ ይቸገርበታል፤ አንቺ ግን ስልክን የሚጠሩበትን ቃል «ቴሌፎኔ» ብለሽ ከማንበብ ይልቅ «ትልፎን» ብትዪ በትክክል አልሽው ማለት ነው። ኝ፣ ሽ እና ዥ ሦስቱም አሏቸው፤ ከተማቸውንም ራሳቸው «ሊዥቦአ» ነው የሚሏት። ግሱም እንደ እኛው ባለቤቱን ራሱ ስለሚያሳይ «እኔ፣ አንቺ» እያሉ መደጋገም አያስፈልግም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉትን ቀናት ደግሞ እሑድን አንድ ብለው ይቆጥራሉ፦ ሰኞ ሁለተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። የፈረቃ ሰሌዳው ላይም እነዚህ ቀናት በቁጥር ይጻፋሉ። ሰኞን አንድ ብሎ የለመደ ሰው ሲምታታበት፣ ረቡዕና ሐሙስን ከግዕዝ የወረስን እኛ ምንም አይመስለንም። የሚከብድሽ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ለእርሱ ከመስማት ሌላ መድኃኒት አላገኘሁም። ሰዓቱን በ24 አቆጣጠር ልመጂው፤ 15 ሰዓት የእኛ ዘጠኝ ነው።

ፖርቱጋልኛ ከአፍሪካ ኅብረት ቋንቋዎች አንዱ መሆኑንም አትርሺ። እዚሁ አዲስ አበባ ከአንጎላና ከሞዛምቢክ የመጡ ሰዎች ይሠራሉ። አነጋገራቸው ከብራዚሉ ይልቅ ለሊዝበኑ የቀረበ ስለሆነ፣ የምታውቂው ሰው ካለሽ ሻይ ጋብዘሽ አነጋግሪው።

እዚያ ስትደርሺ ከቋንቋው እኩል የሚያደክምሽ ወረቀት ነው። መጀመሪያ የግብር መለያ ቁጥር ያስፈልግሻል፤ ያለ እርሱ የባንክ ሒሳብም የቤት ኪራይ ውልም የለም። ከዚያ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር፣ ቀጥሎም በሰፈርሽ ጤና ጣቢያ የተገልጋይ ቁጥር። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አይማ በሚባለው መሥሪያ ቤት እጅ ነው፤ ቀጠሮው ስለሚዘገይ የደረሰሽን ደብዳቤና ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ። የአድራሻ ማስረጃ የሚሰጠው ዡንታ ድ ፍሬግዚያ የሚሉት ነው፤ የእኛ ወረዳ በይው። የኪራይ ውል የማይሰጥ አከራይ ዘንድ ከገባሽ ይህን ለማግኘት ምስክር ፍለጋ ትንከራተቻለሽ፤ ክፍሉ ትንሽ ቢወደድም ውል የሚሰጥሽን ምረጪ። ከዚህ ሳትነሺ ደግሞ የልደት ማስረጃሽ፣ ፓስፖርትሽና የትምህርት ማስረጃሽ ላይ ስምሽ በአንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ መሆኑን አረጋግጪ፤ የአባትና የእናትሽንም ጭምር። ቅጾቻቸው የሁለቱንም ወላጅ ስም ይጠይቃሉ፤ አንድ ፊደል ሲለያይ ፋይሉ ይቆማል።

ስለ ውልሽ። ደመወዝ በዓመት 14 ጊዜ ይከፈላል፤ አንዱ ተጨማሪ ለዓመት ፈቃድ፣ አንዱ ለገና። አንዳንድ ቀጣሪ እነዚህን ከፋፍሎ በየወሩ ስለሚጨምራቸው፣ የተነገረሽ ቁጥር እነርሱን የያዘ መሆን አለመሆኑን ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 870 ዩሮ ነበር፤ 11 በመቶ ለማኅበራዊ ዋስትና ሲቆረጥ 774 ዩሮ ገደማ ይቀር ነበር። የዓመት ፈቃዱ 22 የሥራ ቀን ነው። ወደፊት አንዱ መጥቶ «በአረንጓዴ ደረሰኝ ሥሪልኝ» ቢልሽ ጠንቀቅ በይ፤ በሕግ ፊት ራስሽን የቀጠርሽ ትሆኛለሽ፣ የፈቃድና የገና ክፍያው ይቀራል፣ የዋስትናውንም መዋጮ ራስሽ ትከፍያለሽ። እኔም አንድ ምግብ ቤት እንዲህ ጠይቆኝ ነበር፤ የማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ሄጄ ካጣራሁ በኋላ እምቢ አልኩ። በደል ከደረሰብሽ አሴቴ የሚባለው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ፤ እዚያ ግን ነገርሽን በፖርቱጋልኛ ማስረዳት ከቻልሽ ጉዳይሽ ይፈጥናል።

ቤት መሃል ከተማ አትፈልጊ። በሲንትራ ባቡር መስመር ያሉት አማዶራና ኬሉሽ ይሻላሉ። 40 ዩሮ በሆነው የወር ካርድ የሊዝበንንና የዙሪያዋን ባቡር፣ ሜትሮ፣ አውቶቡስና ጀልባ ሁሉ ትሳፈሪያለሽ። ዳር መኖር እዚያ እንደ እኛ ሰፈር ቅጣት አይደለም። አማዶራ ውስጥ የኬፕ ቨርድ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሰው ይወዳሉ፣ ቋንቋ ሲያስተምሩም አይሰለቹም። ሐበሻ በሊዝበን ጥቂት ነው። ይህ ብቸኝነት አለው፣ አልዋሽሽም፤ በተለይ በበዓል ቀን። ለቋንቋው ግን እንደዚህ የሚጠቅም የለም። ሮም ወይም ዋሽንግተን ቢሆን ኖሮ ከሥራ ወጥተሽ እስክትተኚ አማርኛ ብቻ ታወሪ ነበር።

ሥራ ቦታ ላይ ስትገቢ ለሁሉም ሰላምታ ስጪ፤ አጭር ይሁን። የቤተሰብሽን፣ የጤናሽን፣ የከብትሽን የሚጠይቅ የለም። ከጓደኞችሽ ጋር አንቺ አንተ ተባባሉ፤ በዕድሜ የገፉትን ሴት ግን «ዶና» ብለሽ በስማቸው ጥሪ፣ ደስ ይላቸዋል። ቡናቸውን ባንኮኒ ላይ ቆመው በሁለት ጉንጭ ይጨርሱታል። ቡና አይሉትም እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አብረሽ ውጪ። የወጥ ቤቱ ወሬ፣ የሚለቅ ሰው፣ የሚከፈት የተሻለ ቦታ የሚሰማው እዚያ ነው። መንግሥት ለውጭ አገር ሰዎች የሚሰጠው ነፃ የፖርቱጋልኛ ትምህርትም አለ፤ የምስክር ወረቀቱ በኋላ ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ይጠቅምሻል። ፈረቃሽን ስትጠይቂ ይህን አስበሽ ይሁን።

ምን ልያዝ ላልሽው፦ ወፍራም ሹራብና ጥሩ ብርድ ልብስ ያዢ። ውጭው ከአዲስ አበባ ብዙ አይከፋም፤ ቤታቸው ግን በእነርሱ ክረምት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ እርጥብ ነው፣ ማሞቂያ የሌለውም ብዙ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ያዢ። ሽምብራና ምስር እዚያ በርካሽ ሞልቷል፣ በጾም አትቸገሪም። ቅቤና ቋንጣ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የሥጋና የወተት ውጤት ስለሚከለከል አየር ማረፊያ ላይ ይወሰድብሻል፤ እናትሽ ሻንጣሽ ውስጥ ሳይታወቅሽ እንዳይከቱት ከአሁኑ ንገሪያቸው።