የአባትሽ ግፊት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለምን 27 ወረደ?

እህቴ፣ ለሌላውም አንባቢ እንዲገባ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ 74 ዓመታቸው ነው፣ በየጠዋቱ አምሎዲፒን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ወንድምሽ ከአሜሪካ የላከው ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ አንድ ቀን ጠዋት 168 በ92 አለ፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ 141 በ80፤ በማግስቱ ጤና ጣቢያ 152 በ84 ሆነ። «መሣሪያው ተበላሽቶ ነው? የትኛውን እንመን?» ብለሻል። ከተቀመጡበት ሲነሱ አልፎ አልፎ እንደሚያዞራቸውም ጽፈሻል።

መሣሪያው ደህና ሳይሆን አይቀርም። ያያያዝሽው ፎቶ ብዙ ይናገራል፦ አባትሽ በርጩማ ላይ ናቸው፣ ጀርባቸው ምንም አልተደገፈም፣ እግራቸውን አነባብረዋል፣ የሚለካው ክንዳቸው ጭናቸው ላይ ወርዷል፣ የሹራቡ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ብብታቸው ሥር ተወጥሯል፣ አጠገባቸው ደግሞ ረከቦቱ ላይ ስኒ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ለብቻው የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ሲደማመሩ ግን 168 ላይ ያደርሳሉ።

ክንዱን ላስቀድም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነውና። የመለኪያው ጨርቅ የተጠቀለለበት ቦታ ከልብ ጋር እኩል ካልሆነ የደሙ የራሱ ክብደት ቁጥሩ ውስጥ ይገባል። ጭን ላይ የተጣለ ክንድ የላይኛውን ቁጥር ወደ 4 ያህል፣ ወደ ጎን የተንጠለጠለ ደግሞ 6 ወይም 7 ይጨምራል። ስለዚህ ጠረጴዛ አጠገብ፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ይቀመጡ፤ ጠረጴዛው ዝቅ ካለ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ከክንዳቸው ሥር አድርጊ። ክንዱን ራሳቸው አንሥተው መያዝ የለባቸውም፣ ጡንቻ ሲሠራ ግፊት ይጨምራል።

እጅጌውን ከመጠቅለል ክንዱን ከነጭራሹ ማውጣት ይሻላል። የተጠቀለለ ሹራብ ክንዱን እንደ ገመድ ያስረዋል፣ በልብስ ላይ መለካትም ቁጥሩን እንዳይታመን ያደርጋል። ብርድም ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ ትከሻቸው ላይ ጋቢ ጣል ይደረግላቸው። እግር መነባበር ከ2 እስከ 8 ይጨምራል፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ይርገጡ። ፊኛ ሲሞላና ወሬ ሲወራ ደግሞ እስከ 10 ሊጨምር ይችላል። መሣሪያው እያንጎራጎረ ሳለ «ስንት አለ? ስንት አለ?» የሚል ሰው በየቤቱ አለ፤ እሱን ከክፍሉ አስወጪልኝ። ቡና ከተጠጣ፣ አቦልም ይሁን በረካ፣ ግማሽ ሰዓት ይቆጠር። ከዚያ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ተቀምጠው ከቆዩ በኋላ ነው ቁልፉ የሚጫነው። የመጀመሪያው ንባብ ከፍ ማለቱም የተለመደ ነው። ከሦስቱ ቁጥሮችሽ 168ን የማላምነው ለዚህ ነው፣ 141ንም ብቻውን አልይዘውም።

የጨርቁን ልክ እዩ። በትከሻና በክርን መካከል የክንዳቸውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪና ጨርቁ ላይ ከተጻፈው ሴንቲ ሜትር ጋር አስተያዪ፤ የተለመደው መካከለኛ ጨርቅ ከ22 እስከ 32 ነው። ለወፍራም ክንድ የጠበበ ጨርቅ ቁጥሩን ከ5 እስከ 20 ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በዕድሜ ለሳሳ ክንድ የሰፋ ጨርቅ ግን በተቃራኒው ዝቅ አድርጎ ያሳያል፣ ይሄኛው ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። የታችኛው ጠርዝ ከክርን መታጠፊያ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ቱቦው ወይም ምልክቱ በክንዱ ውስጠኛ በኩል ወደ መሐል ጣት ይመልከት፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላ።

አሁን ወደ ሐኪም የሚወሰደው ቁጥር። ለ7 ቀን፣ ጠዋት መድኃኒቱንና ቁርሱን ሳይቀምሱ፣ ማታም አንድ ጊዜ፣ በጠዋቱም በማታውም በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተሽ ሁሉንም ጻፊ። የመጀመሪያውን ቀን ሰርዢው። የቀሩትን 24 ንባቦች ደምረሽ ለ24 አካፍዪ፤ ድምሩ 3,360 ከሆነ አማካዩ 140 ነው፣ ለታችኛውም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ግፊት ከፍ ያለ የሚባለው አማካዩ ከ135 በ85 ጀምሮ ነው፤ በሐኪም ክፍል ግን 140 በ90 ነው መነሻው። አባትሽ የት መድረስ እንዳለባቸው ሐኪማቸው ይወስናል። የማይወደደውን ቁጥር ዘሎ ጥሩውን ብቻ መጻፍ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለ ደብተር ሐኪሙን ያሳስታል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ክንድ ለኩና ከፍ ባለው ቀጥሉ።

መሣሪያውን መጠርጠር ካልተውሽ በቀጠሮ ቀን ይዘሽው ሂጂ። በዚያው ክንድ፣ በደቂቃ ልዩነት፣ በጤና ጣቢያውና በእናንተው እየተፈራረቃችሁ ለኩ። በተደጋጋሚ ከ10 በላይ ከተራራቁ አትመኑት። የልብ ምት መዛባት ምልክት ቶሎ ቶሎ የሚያበራ ከሆነም ተናገሪ፣ ምት ሲዛባ እነዚህ መሣሪያዎች በትክክል መለካት ያቅታቸዋል።

ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ አንድ ነገር፦ እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሌለ አትሰኪው፤ ደህና የባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ሰዓቱንም አስተካክይ፣ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት እሱ ላይ 7 ነው፤ አንዳንዱ የጠዋትና የማታ አማካይ የሚያወጣው በሰዓቱ ነውና። ደግሞ ለእንግዳና ለጎረቤት የተለካው ሁሉ እዚያው ስለሚቀመጥ፣ መሣሪያው ያወጣውን አማካይ ትተሽ ደብተርሽን እመኚ።

ቁጥሩ 180 በ120 ቢደርስ 5 ደቂቃ አሳርፈሽ ድገሚ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ እጅ መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ካለ ግን ሳትደግሚ አምቡላንስ ለመጥራት 907 ደውዪ ወይም በቀጥታ ሆስፒታል ውሰጂያቸው። ምልክት ከሌለና ቁጥሩ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው፤ በራስሽ ተጨማሪ ኪኒን አትስጪ። ኒፌዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ምላስ ሥር ማድረግ የድሮ ልማድ ነው፣ ግፊቱን በድንገት አውርዶ ራሱ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ለጉልበታቸው ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚውጡ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪ፣ ሁለቱም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ።

ማዞሩን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ሆኖ አይደለም። ለ5 ደቂቃ ጋደም ካሉ በኋላ ለኪያቸው፣ ከዚያ ይቁሙና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ቆመው ይለኩ፣ ክንዳቸውን አንቺ በደረታቸው ልክ ደግፈሽ። ከጎናቸው ሌላ ሰው ይቁም፣ ካዞራቸው ወዲያው ይቀመጡ። የላይኛው 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ ያንን ለብቻው ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪ። 152ን ብቻ ያየ ሐኪም መድኃኒት ሊጨምር ይችላል፣ ያኔ ሲነሱ ሊወድቁ ይችላሉ። እስከዚያው ሌሊት ለሽንት ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነም ከስግደት ሲነሱ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ይበሉ።