አዲሷ መኪናዋ መንገድ ላይ እየጠፋች ላስቸገረቻት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አዲስ መኪና ከገዛሽ ሰባት ወር ሆኖሻል። የምትኖሪው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መኪናዋ እየሄደች ጉልበት ታጣለች፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሃይዌይ ላይ ጭራሽ ጠፍታብሻለች። ሦስት ጊዜ ዲለሩ ጋ ወስደሻት «ምንም አላገኘንባትም» ብለው መልሰውልሻል። አሁን ሴልስማኑ «ትሬድ ኢን አድርጊያትና ሌላ ውሰጂ» እያለሽ ነው። አንቺም «የሎሚ ሕግ የሚባለው የእውነት አለ ወይስ ወሬ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ።

አለ። አዲስ መኪና ተጠግኖ ካልተስተካከለ ፋብሪካው እንዲቀይር ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ የሚያስገድድ ሕግ ነው። እኔ በዚሁ ሕግ መኪናዬን አስቀይሬያለሁ። እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ትሬድ ኢን እንዳታደርጊ፤ ማለትም መኪናዋን ለዲለሩ ሰጥተሽ በሌላ እንዳትለውጪ። መኪናዋን በገዛሽበት ዋጋ አይቀበሉሽም፤ እንደ አሮጌ ነው የሚገምቷት። ከብድርሽ የሚጎድለውን አዲሱ ብድር ላይ ይደርቡብሻል። መኪናዋ ከእጅሽ ከወጣች በኋላ ደግሞ «ቀይሩልኝ» የምትይው ነገር አይኖርም። ሴልስማኑ ክፉ ሰው ነው አልልም። ሥራው መሸጥ ነው። የአንቺን መብት መንገር ግን ሥራው አይደለም።

«በሦስት ቀን ውስጥ ብትመልሺያት ኖሮ» የሚሉሽንም አትስሚ። ዲለር ቤት ሄደሽ ለገዛሽው መኪና እንዲህ የሚል የፌዴራል ሕግ የለም። የሦስት ቀኑ ደንብ ቤትሽ ድረስ መጥተው ለሚሸጡልሽ ዕቃና ለመሳሰሉት ነው። ብዙ የሀገራችን ሰው ይህን ስለሚያምን «በቃ ጊዜው አልፎብኛል» ብሎ ይቀመጣል።

አሁን የኔን ልንገርሽ። በፌብሩዋሪ 2022 አዲስ መኪና በ34,000 ዶላር ገዛሁ። ለመኪና የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ቺፕስ እጥረት የነበረበት ጊዜ ነው፤ የዲለሩ ግቢ ውስጥ መኪና አልነበረም፤ ሰው ተመዝግቦ ይጠብቅ ነበር። የመኪናውን ስም አልጠራም። ኤፕሪል ላይ፣ ገና 1,900 ማይል ሄዶ፣ ነዳጅ ስሰጠው ይንገጫገጭና ጉልበት ያጣ ጀመር። ዲለሩ ጋ ወሰድኩት። የሰርቪስ ሠራተኛው በጣም ትሁት ልጅ ነው። ቁልፉን ተቀበለኝ፣ ሃያ ደቂቃ ነድቶ መጣና «ደህና ነው፣ ገና አዲስ ስለሆነ ነው» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ወረቀት አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ቆይቼ ፋይሌን ሳስጠይቅ የዚያ ቀን ምንም መዝገብ የለም። ጭራሽ እንዳልሄድኩ ሆነ።

የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። ሰው ፈገግ ብሎ ሲያናግረን «ወረቀት ስጠኝ» ማለት እሱን መጠራጠር ይመስለናል። ስማችንን አክብሮ ሲጠራን ደግሞ ይብሳል። አባቶቻችን ግን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ ነበር። ይህ ሕግ የሚሠራው በጽሑፍ ባለው ብቻ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ሜይ ላይ ነው፤ 4,300 ማይል ላይ። ያኔ ወረቀቱን ያዝኩ። ጁላይ ላይ ከ395 ሃይዌይ ወደ ሴሚናሪ ሮድ ልወጣ ስል መኪናው ከ60 ወደ 20 ማይል ወረደ። ነዳጁን እስከ ታች ረግጬዋለሁ፣ ግን አይሄድም። ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ናቸው። በመስታወት የማየው ትልቅ ትራክ እየቀረበ ነው። እንዴት ወደ ዳር እንደወጣሁ ዛሬም አላውቅም። የዚያን ዕለት መኪናውን አስጎትቼ ወሰድኩት፤ 11 ቀን ያዙት። «ሶፍትዌሩን አድሰናል» ብለው ሰጡኝ። ኦገስት ላይ ደገመው። የካምቢዮ ዕቃ እስኪመጣ ብለው 22 ቀን አቆዩት።

አሁን ወደ ሕጉ። የቨርጂኒያ ሕግ የሚቆጥረው መኪናውን ከተረከብሽበት ቀን ጀምሮ 18 ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ያው አንድ ችግር ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ለጥገና ቀርቦ ካልተፈታ፣ ወይም መኪናው በጥገና ምክንያት በድምሩ 30 ቀን ከቆመብሽ፣ ፋብሪካው በቂ ዕድል አግኝቶ ማስተካከል እንዳልቻለ ይቆጠራል። ቀኖቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራል። የኔ 11 እና 22 ሲደመር 33 ሆነ።

አንቺን የሚመለከተው ግን ሌላ ነው። ችግሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ፣ ማለትም መኪናውን መቆጣጠር ወይም መንዳት የሚያሳጣሽ ወይም እሳት የሚያስነሳ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ለጥገና ቀርቦ አለመስተካከሉ ይበቃል። ሃይዌይ ላይ የሚጠፋ መኪና ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። አውቄ ቢሆን ኖሮ ኦገስትን አልጠብቅም ነበር።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ከዲለሩ ጋር በመጣላት ነው። ባላጋራሽ ዲለሩ አይደለም። መኪናውን የመቀየር ወይም ገንዘብ የመመለስ ግዴታ ያለበት ፋብሪካው ነው። ስለዚህ ሰርቪስ ክፍል ሄደሽ ጉሮሮሽ እስኪደርቅ ብትጮሂ ምንም አታገኚም። ከዲለሩ የምትፈልጊው ወረቀት ብቻ ነው።

ወረቀቱ ሪፔር ኦርደር ይባላል። በሄድሽ ቁጥር ሁለት ወረቀት ይዘሽ ተመለሽ፤ አንዱ ስታስገቢ፣ ሌላው ስታወጪ። ያስገባሽበትና ያወጣሽበት ቀን፣ ማይሉም ጭምር በትክክል መጻፉን ቆመሽ እዪ። «ዕቃው እስኪመጣ ቤትሽ ውሰጃት» ካሉሽና መኪናዋ አደገኛ ከሆነች አትውሰጃት። ከወሰድሻት እነዚያ ቀኖች አይቆጠሩልሽም። ከሁሉ በላይ ቅሬታሽ በራስሽ አባባል ይጻፍ። ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ቃል ንገሪያቸው። እኔ ጋ አንዱን ጊዜ «የሴንሰር»፣ ሌላውን ጊዜ «የሶፍትዌር» ብለው ስለጻፉት ፋብሪካው «እነዚህ የተለያዩ ችግሮች ናቸው» ብሎ ሊከራከረኝ ሞክሯል። አንቺ «እየሄደች ጉልበት ታጣለች፣ ትጠፋለች» ካልሽ በሦስቱም ወረቀት ላይ ያው ይሁን። ያልተጻፈ ነገር ካለ ሳትፈርሚ አስጽፊ። ቁጣ አያስፈልግም፤ ረጋ ብለሽ ቆመሽ ጠብቂ።

«ችግሩን ማየት አልቻልንም» ብለው የጻፉትን ወረቀት እንዳትጥዪው። ለጥገና ማቅረብሽን የሚያሳየው እሱ ነው። አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው ካለ ዳሽቦርዱን በስልክ ይቅረጽልሽ። ራስሽ እየነዳሽ ግን አትቅረጪ። የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የመኪናሽን ዓይነት ፈልጊ። ፋብሪካዎች ስለታወቁ ችግሮች ለዲለሮች የሚልኩት ማሳሰቢያ እዚያ ይወጣል። እኔ ስለ መኪናዬ ካምቢዮ የተጻፈ አገኘሁ። አትሜ ይዤው ስሄድ «ምንም የለም» ማለት አቆሙ። እግረ መንገድሽን ቅሬታሽንም እዚያው አስመዝግቢ።

ቀጥሎ ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፊ። አድራሻው ከመኪናዋ ጋር በተሰጠሽ የዋራንቲ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ስልክ ደውለሽ ብቻ እንዳትተዪው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል። የመኪናዋን የቪን ቁጥር (መለያ ቁጥሯን)፣ የገዛሽበትን ቀን፣ ችግሩን፣ ለጥገና የሄድሽባቸውን ቀኖች ጻፊ። መጨረሻ ላይ የምትፈልጊውን በግልጽ ተናገሪ፤ «ትቀየርልኝ» ወይም «ገንዘቤ ይመለስልኝ»። የወረቀቶቹን ኮፒ አያይዢ፣ ዋናውን እንዳትልኪ። ፖስታ ቤት ሄደሽ በሰርቲፋይድ ሜል ላኪው፤ ፈርመው ሲቀበሉ አረንጓዴዋ ካርድ ተመልሳ ትመጣልሻለች። ፋብሪካው ከዚያ በፊት በጽሑፍ ካልተነገረው፣ ለማስተካከል አንድ የመጨረሻ ዕድል አለው፤ ይህም ከ15 ቀን አይበልጥም።

እኔ በላክሁ በስድስተኛው ቀን ተደወለልኝ። ደዋይዋ በጣም ደስ የምትል ሴት ናት። የተራዘመ ዋራንቲና የሁለት ወር ፔይመንት እንስጥህ አለችኝ። ባለቤቴ «እንቀበል፣ ይብቃን» አለች፤ ድካማችን ገብቷት ነው። የሚፈረመውን ወረቀት ስናነበው ግን «ከዚህ በኋላ ስለዚህ መኪና አልጠይቅም» ይላል። አልፈረምኩም። አንቺም ማንኛውንም ወረቀት ሳታነቢ፣ ካልገባሽም ሳታስነብቢ እንዳትፈርሚ።

የፋብሪካው ሰው መጥቶ አየው፤ ሠሩት። በዘጠነኛው ቀን ተመልሶ ጉልበት አጣ። ያን ጊዜ ጠበቃ ያዝኩ። ለጠበቃ ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትፍሪ። በዚህ ሕግ ከረታሽ የጠበቃውንና የፍርድ ቤቱን ወጪ የሚከፍለው ፋብሪካው ነው። በዚህ ምክንያት የሎሚ ሕግ ጠበቆች ብዙ ጊዜ ከአንቺ አይቀበሉም። ግን ውሉ ላይ ይህ መጻፉን አረጋግጪ። ጠበቃዬ ደብዳቤ ከጻፈ በሰባት ሳምንት ውስጥ ተስማሙ። ፍርድ ቤት አልደረስንም።

መኪናም ሆነ ገንዘብ ምርጫው ያንቺ ነው። ገንዘቤን ካልሽ «የለም፣ መኪና ውሰጂ» ሊሉሽ አይችሉም። ገንዘብ ከመረጥሽ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ የሽያጭ ታክሱ፣ የታይትልና የታርጋው ክፍያ፣ የብድሩ ወለድም ይመለሳል። የሚቀነሰው እስከ መጀመሪያው ቅሬታሽ ቀን የነዳሽበት ነው። እሱም መንግሥት ለሥራ ለሚነዳ መኪና በማይል ከሚያወጣው ተመን ከግማሽ አይበልጥም። ሌላው ሊቀነስ የሚችለው ከተለመደው ጭረት ያለፈ ጉዳት ካለ ነው። በኔ ጊዜ ግማሹ 29.25 ሳንቲም ነበር። ወረቀት ያልያዝኩባት የኤፕሪሏ ቀን ብትቆጠር ኖሮ 1,900 ማይል፣ ማለትም 556 ዶላር ያህል ነበር የሚቀነሰው። እነሱ ግን እስከ ሜይ ያለውን 4,300 ማይል ቆጠሩ፤ 1,258 ዶላር ያህል። አንዲት ያልጠየቅኳት ወረቀት 702 ዶላር ታወጣ ነበር።

እኔ መኪና መረጥኩ። በዓመቱ ውስጥ ወለድ በጣም ጨምሮ ነበር። የኔ ብድር 2.9 በመቶ ነው። ገንዘብ ብወስድ ሌላ መኪና በዚያ ወለድ አላገኝም። የ2023 ሞዴል ያንኑ ዓይነት ሰጡኝ፤ ባንኩም ተስማምቶ ብድሩ በነበረበት ቀጠለ፣ የተቀየረው የቪን ቁጥሩ ነው። አንቺም ወለድሽን አይተሽ ወስኚ። በዚያ ዓይነት መኪና ላይ እምነትሽ ካለቀ ደግሞ ገንዘብሽን ውሰጂ። መኪና ከቀየርሽ ኢንሹራንሱ፣ ጋፑ (መኪናዋ ብትጠፋ ኢንሹራንስ ከብድርሽ የማይሸፍነውን የሚከፍለው) እና ተጨማሪ ዋራንቲ ከገዛሽ እሱም ወደ አዲሷ ቪን መዛወሩን በጽሑፍ ተቀበዪ። ለከተማውም የመኪና ታክስ ክፍል አሳውቂ፤ አለበለዚያ የሁለቱም ሊመጣብሽ ይችላል።

እስከዚያው ፔይመንትሽን እንዳታቋርጪ። ብስጭት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብድሩ ከባንክ ጋር ነው፤ ክሬዲትሽን የምትጎጂው አንቺ ነሽ። ዘይት የቀየርሽበትን ደረሰኝ ሰብስቢ። ሕጉ መኪናዋ እስክትቀየርልሽ ወይም ገንዘብሽ እስኪመለስ ድረስ እንድትነጃት ይፈቅድልሻል። አንቺ ግን ሃይዌይ ላይ አትንጃት፣ እለምንሻለሁ። የማስጎተቻና የኪራይ መኪና ደረሰኝ ያዢ፣ ይጠየቃል።

ኡበርም ትሠሪበታለሽ መሰለኝ። የቨርጂኒያ ሕግ መኪናው በጉልህ መጠን ለግልና ለቤተሰብ የሚያገለግል መሆኑን ያያል። ይህን ለጠበቃው ከመጀመሪያው ንገሪው።

ሜሪላንድ ያላችሁ፣ የእናንተ ይለያል። እዚያ 24 ወር ወይም 18,000 ማይል ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። ለተራ ችግር አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ ለፍሬንና ለመሪ አንድ ጊዜ። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ለፋብሪካው 30 ቀን ይሰጣል።

እህቴ፣ ከ18 ወሩ 11 ይቀርሻል። ክሱም ቢያስፈልግ በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው መግባት ያለበት፤ እስከ መጨረሻው አታቆዪው። ሰኞ ጠዋት ሰርቪስ ክፍሉ ሲከፈት ሄደሽ የሦስቱንም ቀን ሪፔር ኦርደር አሳትሚ። ቁጭ ብለሽ ቀኑንና ማይሉን አመሳክሪ። አንዱ ከጎደለ የደወልሽበትን የስልክ መዝገብ ወይም የላኩልሽን የቀጠሮ ቴክስት ፈልጊ። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፊ። እንግሊዝኛው ካስጨነቀሽ ረቂቁን በውስጥ ላኪልኝ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ አብረን እናየዋለን።