መልስ፦ የዱር እንስሳት ማገገሚያ ውስጥ ተለማማጅ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?

ሰላም ወንድሜ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ እንደሆንክና ሆለታ አካባቢ እንዳለው «እንስሳ ኮቴ» ዓይነት የዱር እንስሳት ማገገሚያ ማዕከል ተለማማጅ ብትሆን ምን እንደምትሠራ ጠይቀሃል። አብዛኛው ሥራ ጽዳትና ምግብ ነው። ማቀፍ፣ ማሻሸት የለም፤ ሰው የለመደ እንስሳ ወደ ዱር ለመመለስ ይከብዳል።

ጠዋት መጥረጊያ ከማንሳትህ በፊት እንስሳውን እየው፦ የማታውን ጨርሷል? ያነክሳል? ዓይነ ምድሩ ቀጥኗል? ጻፈው። ከዚያ ወደ ጎን ክፍል ይዛወራል፣ ተንሸራታቹ በር ይቆለፋል። ቁልፉን ጎትተህ ሞክር፣ ሌላ ሰውም ይይልህ። ሁሉም ወዲያ መሆናቸውን ቆጥረህ ሳታረጋግጥ እግርህን እንዳታስገባ።

ጽዳት ላይ ብዙ ሰው በረኪናን ቆሻሻው ላይ ይደፋል። ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ይገድለዋል፤ ሽንት ላይ ሲፈስ ደግሞ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ ጠርገህ በሳሙና እጠብ፣ አለቅልቅ። ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠህ 10 ደቂቃ አቆይና እንደገና በደንብ አለቅልቀው። ዴቶል አንበሳና አቦሸማኔ ያሉበት አይግባ፤ ለድመት ዘር መርዝ ነው። ለይቶ ማቆያው ሁልጊዜ መጨረሻ ይጸዳል።

የአቦሸማኔ ግልገል ቀይ ሥጋ ብቻ ከበላ ካልሲየም ያጥረውና እግሩ ይጎብጣል። ስለዚህ አጥንት ወይም የካልሲየም ዱቄት ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ይጨመርለታል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከምግብ በፊት መዝነው።

ሥራ ሳትጀምር የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተከተብ። ጉንፋን የያዘህ ቀን ደግሞ ጦጣና ጭላዳ ዘንድ አትድረስ፣ ከሰው ይጋባባቸዋል።