የአያትሽን ሸክላ ይዘሽ ሂጂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ የምትኖር የ23 ዓመት ወጣት ናት። የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን የመውጫ ፈተናው አራት ወር ቀርቶታል። ቅዳሜና እሁድ በላፕቶፕና በትንሽ ዘፈን ማቀላቀያ (ኮንትሮለር) ልደትና ሠርግ ላይ ዲጄ ሆና ትሠራለች። ማታ ማታ ቤቷ የሂፕ ሆፕ ቢት፣ ማለትም ራፕ የሚባልበትን ሙዚቃ፣ ትሠራለች። ከአያቷ የወረሰቻቸው 63 የሙዚቃ ሸክላዎችም አሏት። አሁን አንድ ስቱዲዮ የአቀናባሪ ረዳት ፈልጎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ጠርቷታል። «ሰርተፍኬት የለኝም፤ የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው» ትላለች። «የማን ተጽዕኖ አለብሽ ቢሉኝ የአሜሪካኖቹን ስም ከመጥራት ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። ሥራውን ካገኘሁ ትምህርቱን ላቋርጥ አስቤያለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ደግሞ ከድሮ ዘፈን ቆርጦ ቢት መሥራት ሌብነት ነው የሚሉኝ አሉ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። እንዲህ ብለሻል፦ «አንዱ ሸክላ ላይ ዘፋኙ ዝም ሲል ድራሙ ብቻውን ለስድስት ሰከንድ ያህል ይሄዳል። ያንን ቦታ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ድራመሩ ማን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።»

ይህን የጻፈች ልጅ ለቃለ መጠይቅ የምትለው አጣሁ ማለት የለባትም።

ሂፕ ሆፕ የተወለደው እንዲህ ካለች ቁራጭ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ባለው ሕንፃ አንድ ፓርቲ ነበር። ያዘጋጀችው ሲንዲ ካምቤል የምትባል ወጣት ናት። ትምህርት ሊከፈት ስለነበር የልብስ መግዣ ፈልጋ ነው። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሙዚቃውን ያጫወተው ጃማይካ የተወለደው ወንድሟ ዲጄ ኩል ሀርክ ነው። ሀርክ ጨፋሪዎቹን እያየ አንድ ነገር ገባው። ሰዉ አድፍጦ የሚጠብቀው ድራሙ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የአንዱን ሸክላ ሁለት ቅጂ ይይዝ ጀመር። አንዱ ላይ ሲያልቅ ሌላው ላይ ያስነሳዋል። የዘፋኙን የጄምስ ብራውንን ዘፈኖች ድራም እንዲህ እያደረገ ያስረዝመው ነበር።

ሌላም ያደርግ ነበር። ሌሎች ዲጄዎች ምን እንደሚያጫውት እንዳያውቁበት የሸክላዎቹን መሃል ወረቀት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ይልጠው ነበር። እስቲ አስቢው። የድምፅ መሣሪያው ግዙፍ ነበር፣ ሰውም ያየዋል። የደበቀው ግን የሸክላውን ስም ነው። ሀብቱ እሱ ነበራ!

እንግዲህ ወደ ቃለ መጠይቁ። «የማን ተጽዕኖ አለብሽ?» ሲባል ብዙ ልጆች ስም ይደረድራሉ። ጄይ ዲላ፣ ዲጄ ፕሪሚየር፣ ማድሊብ እያሉ። ጠያቂው ከዚያ ምንም አይማርም፤ ስሙን ማንም ያውቀዋል። ጥሩ ዲጄዎች ስለ ሙዚቃቸው ሲያወሩ ሰምተሽ ከሆነ ወሬያቸው ሌላ ነው። አንዲት ሸክላ ያነሳሉ። የት እንዳገኟት፣ ሙዚቃ ቤቱ የቱ እንደነበር፣ የትኛዋ ሰከንድ ላይ ጆሯቸው እንደቆመ፣ ከዚያች ሰከንድ ምን እንደሠሩ ይነግሩሻል። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። አያትሽ ያንን ሸክላ መቼ እንደሚያስነሱት ንገሪያቸው። ድራሙ ለምን እንደያዘሽ ንገሪያቸው። ምቱ ትንሽ ወደኋላ ይላል? ከበሮ ከበሮ ይሸታል? በራስሽ ቃል አስረጂ። ከዚያ ከእሱ ተነስተሽ የሠራሽውን ቢት አሰሚያቸው። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የአሜሪካኖቹንም ጥሪ፤ ማፈር የለብሽም። ግን ከእያንዳንዳቸው ምን እንደወሰድሽ ማሳየት ካልቻልሽ ስሙን ተዪው።

ሁሉንም 63 ሸክላ ተሸክመሽ እንዳትሄጂ። አምስት ምረጪ። ከሸክላዎቹ በላይ ደግሞ አንድ መዝገብ ይዘሽ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። አካውንታንት አይደለሽ? ተራ ደብተር ወይም ኤክሴል ላይ አስፍሪው። የዘፋኙ ስም፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር፣ ፊትና ጀርባው ላይ ያሉት ዘፈኖች፣ የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ ባንዱ፣ የሸክላው ይዞታ። መጨረሻ ላይ ጆሮሽን የያዘው ቦታ በደቂቃና በሰከንድ። ማታ ማታ ብትሠሪው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። የማታውቂውን ክፍት ተዪው። ክፍት ቦታዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ የት እንደምትጠይቂ ያሳዩሻል።

የአያትሽ ዘመን ሸክላዎች ላይ አምሃ፣ ካይፋ ወይም ፊሊፕስ የሚል የአሳታሚ ስም የምታገኚ ይመስለኛል። የአምሃን ታሪክ እወቂው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሙዚቃ ቤት ከፈተ። ያስቀዳውን ህንድ ልኮ አሳተመ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ሙላቱ አስታጥቄን፣ ማህሙድ አህመድንና ሌሎችን አሳተመ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላው ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ስለዚህ እጅሽ ላይ ያለው የተወሰኑ ዓመታት ሥራ ነው። ብዙው ተሰብሯል፣ ተጥሏል፣ ወይም ውጭ አገር ሰብሳቢ ጋ ሄዷል።

ያ የተረፈው ደግሞ ሂፕ ሆፕ ውስጥ ገብቷል። የካሊፎርኒያው ቢት ሠሪ ኦ ኖ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ የድሮ ሙዚቃ ቆርጦ ሠርቷል። በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ወስደው የጋራ አልበማቸውን መክፈቻ ዘፈን ሠሩበት። እነሱ ሩቅ ሆነው ነው የሰሙት። አንቺ ግጥሙ ይገባሻል፤ ከተማው ውስጥ ነሽ። እዚያ ላይ የተጫወቱትን ሰዎች በስልክ ልታገኚ ትችያለሽ። ይህን ማንም የብሩክሊን ዲጄ የለውም።

የኃይሉ መርጊያን ነገር ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ሰው ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ የቀዳው ካሴት አለ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባህር ዳር ውስጥ አገኘው። ዝም ብሎ አላሳተመውም። ሰውየውን ፈልጎ ደወለለት፣ ተስማሙ፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ዓለምን እየዞረ መድረክ ላይ ተጫወተ። የሰብሳቢነት ሙያ ትልቁ ክፍል ይህ ስልክ ይመስለኛል።

«ሌብነት ነው» ለሚሉሽም መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ። ቆርጦ መሥራት ጥበብ ነው። ሳያስፈቅዱ መሸጥ ግን ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ ቢዝ ማርኪ የሚባል ራፐር የሌላ ሰው ዘፈን ሳያስፈቅድ ተጠቅሞ ተከሰሰ፤ ተፈረደበትም። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ሳያስፈቅዱ መልቀቅ ፈሩ። እኛም ጋ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የደራሲው መብት ለብቻ ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ባለቤት መብት ለብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን መጠየቅ አለብሽ። ቤትሽ ለመለማመድ የፈለግሽውን ቁረጪ። የሚሸጥ ወይም ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ ባለመብቱን ፈልጊ። ያኔ መዝገብሽ ያስፈልግሻል።

ስለ ትምህርቱ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፦ አታቋርጪ። አራት ወር ነው የቀረሽ። ስቱዲዮው በእውነት ከፈለገሽ አራት ወር በግማሽ ቀን ሊያሠራሽ ይችላል፤ ይህን ራስሽ ጠይቂያቸው። አካውንቲንግ ከሙዚቃው የራቀ አድርገሽ ያየሽው ይመስለኛል። ማን ስንት ፐርሰንት አለው፣ ማን ተከፈለው፣ ውሉ መቼ ያበቃል፣ ግብሩስ? እነዚህን በንጽህና መያዝ የሚችል ሰው ብዙ ስቱዲዮ ውስጥ ይጠፋል። ከሂፕ ሆፕ የመጀመሪያ ዲጄዎች አንዱ የሆነው ግራንድማስተር ፍላሽ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ነው የመጣው። ሕዝቡ አንዱን ሸክላ ሲሰማ እሱ ሌላውን በጆሮ ማዳመጫ አስቀድሞ የሚሰማበትን ማብሪያ ማጥፊያ በእጁ ሠራ። የተማረውን ይዞት ገባ። አንቺም ሒሳቡን ይዘሽ ግቢ። ለእናትሽም ዛሬውኑ «አላቋርጥም» በያት። አራት ወር ሙሉ አታስጨንቂያት።

የዕቃው ነገር አያሳስብሽ። ላፕቶፕሽን ሸጠሽ ውድ የሸክላ ማጫወቻ (ተርንቴብል) እንዳትገዢ። ሸክላዎቹን አንዴ በጥሩ መርፌ ወደ ኮምፒውተር ቅጃቸው፤ ከዚያ ሥራሽን በቅጂው ሥሪ። ያለቀ መርፌ የድሮ ሸክላ ይፈጃል። አቁመሽ ደርድሪያቸው፣ ፀሐይ አታስመቻቸው። ሠርግ ላይ ደግሞ ዋናውን ሸክላ በፍጹም ይዘሽ እንዳትሄጂ።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንቺም ጠይቂ። ሥራው ስንት ሰዓት ይጀምራል፣ ስንት ሰዓት ያበቃል? ስቱዲዮ ሌሊት ነው የሚሠራው። ካመሸ ወደ ቤት የሚወስድሽ ትራንስፖርት አለ? ደሞዙስ? ይህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስደርጊ። «መጀመሪያ ሦስት ወር በነጻ ሥሪ» ቢሉሽ ተማሪ መሆንሽን፣ ቢያንስ ትራንስፖርትና ምሳ እንደሚያስፈልግሽ ተናገሪ። በትህትና ነው፣ ግን ተናገሪ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አደራ እንዳትረሺው። «የሠራሁበት ዘፈን ላይ ስሜ ይጻፋል?» በያቸው። ሊከብድሽ ይችላል። አዲስ ሰው እንዲህ መጠየቁ ድፍረት ይመስላል። ግን የአያትሽ ሸክላ ላይ ያ ድራመር ስሙ አልተጻፈም፤ ይኸው አንቺ ዛሬ ማን እንደሆነ አጥተሽ ትፈልጊዋለሽ።

እሱን ለማግኘት ከዘፋኙ ጀምሪ። በሕይወት ካለ ራሱን፣ ከሌለ ቤተሰቡን። ካልሆነ በዚያ ዘመን በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ ወይም በሆቴል ባንዶች ይጫወቱ የነበሩ አዛውንቶችን ፈልጊ። ስልኩን እንደደወልሽ ስለ ፈቃድ አታውሪ። መጀመሪያ ሰላም በይ፣ ጤንነታቸውን ጠይቂ፣ ከዚያ ያንን ስድስት ሰከንድ በስልኩ አሰሚያቸው። ብዙዎቹ አንድ ምት ሰምተው «ይሄማ እገሌ ነው!» ይላሉ ብዬ አምናለሁ።

ቃለ መጠይቁ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። ድራመሩን ካገኘሽውም ስሙን ላኪልኝ። እኔም ከደብዳቤሽ ወዲህ ማን ይሆን እያልኩ ነው።