ቤት ለሚያሠሩ፦ ስለ እጅ ዋጋ፣ ስለ ክፍያና ስለ ሲሚንቶ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ጅማ ውስጥ ቤት ከሚያሠሩ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። አብዛኞቹ ብሩ በየት በኩል እንደሚሾልክ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ጊንጆ አካባቢ 120 ካሬ ላይ የሚያርፍ ጂ+0 (ፎቅ የሌለው) የብሎኬት ቤት ልጀምር ነው። አንዱ ኮንትራክተር በካሬ የእጅ ዋጋ (ማቴሪያል የሌለበት የሥራ ክፍያ ብቻ) ጠራልኝ። ሌላው ከነማቴሪያሉ ሠርቶ ቁልፍ እንደሚያስረክበኝ ነግሮኝ ዋጋ ሰጠኝ። የቱ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ሁለቱ ዋጋዎች አሁን ባሉበት አይወዳደሩም፤ ሰዎቹ የቆጠሩት ሥራ አንድ አይደለምና። መጀመሪያ ፕላኑን የሠራልዎት ባለሙያ የሥራ መጠን ዝርዝር (ቢኦኪው) እንዲያወጣልዎት ያድርጉ፤ የሚጠይቀው ክፍያ ከሚያድንልዎት ገንዘብ አንጻር ትንሽ ነው። ዝርዝሩ ቁፋሮንና ኮንክሪትን በሜትር ኩብ፣ ፌሮን በኪሎ፣ ፎርምወርክን (ኮንክሪት የሚሞላበትን የጣውላ ቅርጽ)፣ ብሎኬትንና ልስንን በካሬ ሜትር ለይቶ ያስቀምጣል። ያንኑ ዋጋ ያልተሞላበት ዝርዝር ለሁለቱም ሰጥተው በየመስመሩ ያስሞሉ። «በካሬ ይህን ያህል» የሚል የእጅ ዋጋ ጠብ መጥሪያ ነው። ካሬው የወለሉ ነው ወይስ የጣሪያው? በረንዳው ይቆጠራል? ሴፕቲክ ታንኩስ፣ አጥሩስ፣ የግቢው ንጣፍስ?

የእጅ ዋጋ ርካሽ የሚመስለው ብዙ ወጪ ሳይናገር ወደ ባለቤቱ ስለሚያዞር ነው። የፎርምወርኩ ጣውላና የባህር ዛፍ ድጋፍ፣ ሚስማር፣ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ (ለ100 ኪሎ ፌሮ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ይፈጃል)፣ የሚክሰርና የቫይብሬተር (የኮንክሪት ማቡኪያና ማጠቅጠቂያ ማሽኖች) ኪራይ፣ ውኃ፣ መጋዘንና ዘበኛ ሁሉም የእርስዎ ይሆናሉ። ይባስ ብሎ ማቴሪያሉ የእርስዎ ስለሆነ ሠራተኛው ሲያባክን አይከፍልበትም። ፌራዮው (ፌሮ ቆራጩና አሳሪው) ባለ 12 ሜትሩን ቤርጋ (ሙሉ የፌሮ ዘንግ) ሳያሰላ ቆራርጦ ሜትር ተኩል፣ ሜትር ተኩል ቁራጭ ቢከምር የእጅ ዋጋው ያው ነው። ስለዚህ ብክነቱን ውሉ ላይ ይገድቡት፤ ለፌሮም ለብሎኬትም 5 በመቶ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የባከነው ከእጅ ዋጋው ይቀነሳል። ለብሎኬት ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 40 በ20 ሳንቲም ፊት ያለው ብሎኬት ለአንድ ካሬ ግድግዳ 12 ተኩል ይገባል፤ ከነስብራቱ 13 ይያዙ።

ሙሉ ኮንትራቱ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። «ጥሩ ጥራት ያለው» የሚል ቃል ውሉ ውስጥ ካለ አጥፉትና የቆርቆሮውን ጌጅ (የውፍረት ቁጥር)፣ የሴራሚኩን መጠንና ደረጃ፣ የኬብሉን ውፍረት (ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር)፣ የበሩን ዓይነት ያስጽፉ። የተሰጠዎት ዋጋ 15 በመቶ ቫቱን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚናገር ጥቂት ነው። ውሉ በተፈረመበት ቀን የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ስንት እንደነበረም ይመዝገብ። ዋጋ ሲንር ጭማሪው የሚሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው፤ ካልተመዘገበ ኮንትራክተሩ የጠራው ሁሉ እውነት ይሆናል።

የእኛ ግምት፦ በሳምንት አራት አምስት ቀን ግቢው ውስጥ መዋል ለሚችል ሰው፣ ለጂ+0 ቤት የእጅ ዋጋው ያዋጣል። ሥራ ለሚውል ሰው ግን የቆጠበው መስሎት በስርቆትና በብክነት መልሶ ይከፍለዋል፤ ለእሱ ዝርዝሩ የጠበቀ ሙሉ ኮንትራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ውጭ አገር ነው። ቦሳ አዲስ ያለውን ቤት ወንድሜ ይከታተልልኛል። ኮንትራክተሩ ከውሉ 40 በመቶ ቅድሚያ ካልተከፈለኝ አልጀምርም አለ። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። በ40 በመቶ የሌላ ሰው ቤት ያልቅበታል፤ የእርስዎ መሠረት ግን ውኃ ይይዛል። ቅድመ ክፍያ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይበቃል፤ እሱም ከየክፍያው ላይ እየተቀነሰ መመለስ አለበት። ለምሳሌ የውሉ ዋጋ 1,000,000 ብር፣ ቅድመ ክፍያው 15 በመቶ ነው እንበል፤ 150,000 ብር ይሰጣሉ። የመጀመሪያው የተለካ ሥራ 200,000 ብር ቢያወጣ፣ ከዚያ 15 በመቶ (30,000) ለቅድመ ክፍያው፣ 5 በመቶ (10,000) ለመያዣ፣ ማለትም ጉድለት ቢገኝ ተብሎ በእጅዎ ለሚቆይ ገንዘብ፣ ይቀነስና 160,000 ብር ይከፈላል። መያዣው ቤቱ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ይለቀቃል። ጅማ ውስጥ ጣሪያና ቦይ በትክክል መሠራቱን የሚፈትነው ዝናቡ ነው።

«የተለካ ሥራ» ያልነውን ልብ ይበሉ። «ግድግዳው ሊያልቅ ነው» በሚል ስልክ ገንዘብ አይላክም። በሜትር ተለክቶ፣ በዝርዝሩ ዋጋ ተባዝቶ፣ የኮንትራክተሩም የመሐንዲሱም ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ሲደርስዎት ይላኩ። መሐንዲሱ በየቀኑ መምጣት የለበትም፤ የመሠረት ቁፋሮው ሲያልቅ፣ የፉቲንጉና (የመሠረቱ እግር) የኮለኑ (ምሰሶው) ፌሮ ታስሮ ኮንክሪት ሳይሞላ፣ የግሬድ ቢሙና (ከወለሉ ስር ያለው አግዳሚ ኮንክሪት) የላይኛው ቢም ፌሮ ሲታሰር፣ ጣሪያው ሲመታ በየጊዜው እየተከፈለው ቢመጣ ይበቃል። ወንድምዎ የሚቀበሩትን ነገሮች ሜትር ዘርግቶበት ፎቶ ያንሳ፦ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ በስታፋና በስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን በሚይዙ ቀለበቶች) መካከል ያለውን ርቀት፣ ፌሮው ከፎርምወርኩ ምን ያህል እንደራቀ። ለኮለን 2.5 ሳንቲም፣ አፈር ለሚነካ ፉቲንግ 5 ሳንቲም ክፍተት ያስፈልጋል፤ ፌሮው መሬት ላይ ተኝቶ ከተሞላበት ዝገቱ ከታች ይጀምራል።

አንድ ነገር በትህትና እንጨምር። ወንድምዎ ገዢም፣ ክፍያ አጽዳቂም፣ መጋዘን ጠባቂም ከሆነ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ ማለት ነው፤ ወሬም አይጠፋም። ደረሰኙን እሱ ይሰብስብ፣ ልኬቱን መሐንዲሱ ይፈርም። የዘመድ ፍቅርም በዚያው ይጠበቃል።

ውሉ ላይ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ቤት ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ስለዚህ «ካስረከብኩ በኋላ አያገባኝም» የሚል መስመር ቢያዩ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ፎርማኑ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 5 ኩንታል ሲሚንቶ ይበላል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለመኖሪያ ቤት ኮለንና ቢም በተለምዶ የሚታዘዘው ሲ-25 የሚባል የጥንካሬ ደረጃ ያለው ኮንክሪት ነው፤ እሱም በሜትር ኩብ 360 ኪሎ፣ ማለትም 3.6 ኩንታል ይወስዳል። ከፉቲንጉ ስር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት 150 ኪሎ ይበቃዋል። 30 በ30 የሆነ፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ኮለን 0.27 ሜትር ኩብ ነው፤ ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይሞላዋል። 1.5 በ1.5 ሜትር ስፋት፣ 40 ሳንቲም ውፍረት ያለው ፉቲንግ 0.9 ሜትር ኩብ ሲሆን ስድስት ከረጢት ተኩል ይፈልጋል። እንዲህ ያሉ 12 ፉቲንጎች ካሉዎት 78 ከረጢት፣ ከነብክነቱ 82። ፎርማኑ በ5 ኩንታል ሂሳቡ 108 ከረጢት ቢጠይቅዎት ልዩነቱን የሚጠይቁት እሱን ነው።

ልኩን የሚያበላሸው አንዳንዴ ስርቆት ሳይሆን አካፋ ነው። በአካፋና በጋሪ ግምት አይቦካ። ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲም የሆነ ሳጥን ያሠሩ፤ 36 ሊትር ይይዛል፣ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ማለት ነው። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን 02 የሚባለው ጠጠር፣ 25 ሊትር ገደማ ውኃ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ውኃውን ይቀንሱ። ሠራተኛው «እንዲቀጥን» ብሎ ባልዲ ሲጨምር ያጠፋው የኮንክሪቱን ጉልበት ነው፤ ሲሚንቶ ጨምሮ ከማካካስ ውኃውን መከልከል ይረክሳል።

አሸዋ ጅማ የሚደርሰው እንደ ጋምቤላና ወራቤ ካሉ ሩቅ ቦታዎች ተጭኖ ስለሆነ ከሁሉም ይበልጥ እሱን ይለኩ። የሲኖትራኩን (የገልባጭ መኪናውን) ሳጥን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ራስዎ ይለኩ። 5.4 በ2.3 በ1.3 ከሆነ 16 ሜትር ኩብ ነው፤ ከአፉ 20 ሳንቲም ጎድሎ ከመጣ 2.5 ሜትር ኩብ ቀርቷል። እርጥብ አሸዋም ያብጣል፤ ከደረቁ በሩብ ያህል በልጦ ሊታይ ይችላል። አሸዋው ምን ያህል ጭቃ እንዳለበት ለማወቅ በጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ፣ በላዩ ውኃና ትንሽ ጨው ጨምረው በደንብ ይናጡ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ከላይ የረጋውን ደቃቅ ይለኩ። ከአሸዋው ቁመት 6 በመቶ ካለፈ ይመልሱት ወይም ይታጠብ።

ፌሮም ይመዘናል። የ12 ሜትር ቤርጋ ባለ 8 ሚሊ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 12 ሚሊ 10.7፣ ባለ 14 ሚሊ 14.5፣ ባለ 16 ሚሊ 18.9 ኪሎ መሆን አለበት። «12» ተብሎ የተሸጠው 9 ኪሎ ከመዘነ 12 አይደለም።

ጥያቄ፦ ቡና ሸጬ ገንዘብ የማገኘው በታኅሣሥና በጥር ነው። መቼ ልጀምር?

መልስ፦ ከባድ አይደለም፣ ግን ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ጅማ ዝናቡ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ይመጣል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ጥሩው የቁፋሮ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ግን የቀን ሠራተኛው ወደ ቡና ለቀማ ስለሚሄድ ዋጋው ይወደዳል። ስለዚህ ፕላን፣ ፈቃድ፣ ዝርዝርና ውል በመስከረምና በጥቅምት ይጠናቀቁ፤ እነዚህ ብዙ ብር አይፈልጉም። በጥር መጀመሪያ ይቆፍሩ፣ ግሬድ ቢሙን ከየካቲት በፊት ይሙሉ፣ ከግንቦት በፊት ቆርቆሮ ይልበስ። ልስንና የውስጥ ሥራ ክረምቱን ከጣሪያ ስር ይሄዳል።

ገንዘብ ስላለ ብቻ ሲሚንቶ አያከማቹ። በጅማ እርጥበት ከሁለት ሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ጉልበቱን ያጣል። ለአንድ ወር የሚሆን ብቻ ገዝተው ከወለል 15 ሳንቲም ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ አርቀው፣ ቁመቱ ከ10 ከረጢት ሳይበልጥ ይደርድሩ።

ጥያቄ፦ ቦታዬ ወደ ቦዬ በኩል ያለ ጥቁር መሬት ነው። ጎረቤቶቼ «የድንጋይ መሠረት ብቻ ይበቃል» ይሉኛል።

መልስ፦ ድንጋዩ ከየትም ይምጣ፣ ችግሩ አፈሩ ነው። ኮቲቻ (እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር) በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱን ሲያነሳና ሲያወርድ በመስኮትና በበር ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ይታያል። ሳይጀምሩ አፈሩን ያስመርምሩ። ኮቲቻው ስስ ከሆነ እስኪያልቅ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ጥልቅ ከሆነ የመሠረቱን ዓይነት መሐንዲሱ ይወስን። ወለሉ ስር የሚገባው ገረጋንቲ (ጠጠራማ የመሙያ አፈር) በ20 ሳንቲም ንብርብር እየተረጠበ ይደቅደቅ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር የሲሚንቶ ንጣፍ ወደ ውጭ አዘቅዝቆ ይሠራ፤ የጣሪያው ውኃ በቱቦ ይራቅ። ግድግዳው ስር የተተከለ ሙዝ ወይም ባህር ዛፍ ካለ ይነቀል።

ጥያቄ፦ ኢጋ የሚባለው የጣሪያ ቆርቆሮ 32 ጌጅ ይሻላል ወይስ 28? ሻጩ ቁጥሩ ሲበዛ ይወፍራል አለኝ።

መልስ፦ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይሳሳል። 28 ይግዙ፤ በሱቁ በር ላይ በሚሊ ሜትር መለኪያ ያስለኩት። ከስሩ የሚገባው ሞራሌ (የጣሪያ እንጨት) ደግሞ ደርቆ ለምስጥ መከላከያ የተቀባ ይሁን።